የኦክስጅኑ ደወል እስኪጮህ

ጠጋ በሉ፤ አንዱን ነገር በሌላው ላይ እየቀጠልኩ ላጫውታችሁ። ብረሳ አስታውሱኝ። እናንተ ብትረሱ ግን አትጨነቁ፣ እኔው ከመጀመሪያው እደግመዋለሁ።

በአንዲት ሞቃት የቆላ ከተማ፣ በአንድ ሆስፒታል ውስጥ፣ ሲስተር የሻረግ የምትባል ነርስ ነበረች። የምትሠራው በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነው። ቀናቸው ሳይደርስ የተወለዱ፣ ክንዳቸው ከአውራ ጣት የማይወፍር ሕፃናት እዚያ ይተኛሉ፤ አፍንጫቸው ላይ በተለጠፈች ቀጭን ቱቦም ኦክስጅን ይወስዳሉ። ኦክስጅኑ የሚመጣው ከሕንፃው ጀርባ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከቆሙት ረጃጅም ሲሊንደሮች ነው።

አንድ ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ዘምዘም የምትባል እናት በሰባት ወሯ የተወለደች ልጇን ስታይ፣ የሕፃኗ ከንፈር ጠቆረባት። ሲስተር የሻረግን ጠራቻት። ሲስተር ቱቦውን ጆሮዋ ላይ አደረገችው፤ ምንም አይነፍስም። ሲሊንደሩ አልቆ ነበር። በጓሮ በር ወጥታ ሮጠች፣ ተጠባባቂውን ሲሊንደር በገዛ እጇ ከፈተች፣ ተመልሳ ሮጠች። የሕፃኗ ከንፈር ቀስ እያለ ቀላ።

ዘምዘም አላለቀሰችም። ብቻ እንዲህ አለች፦

«ሲስተር፣ ያየሁት እኔ ነኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ቢሆንስ ኖሮ?»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በክፍሉ ያሉት ስድስት እናቶች ተራ ገብተው የሕፃናቱን ከንፈር መጠበቅ ያዙ። ተራዋ ያልሆነችውም አትተኛም። ሲስተርም ያን ቀን አንዲት ትንሽ ነገር ተመኘች፤ ደወል። ሲሊንደሩ ሊያልቅ ሲል የሚጮህ አንድ ደወል፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ደወሉን ለማግኘት አልተቸገረችም። ከድሮው የግቢ በር ላይ የተነቀለ የኤሌክትሪክ ደወል ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ አቧራ ለብሶ ተቀምጦ ነበር። የሆስፒታሉን ኤሌክትሪሻን ለምና ግድግዳው ላይ አሰቀለችው፣ ሽቦውንም እስከ ኮምፒውተር ክፍሉ ድረስ አስዘረጋችው። ደወሉ ተሰቀለ፤ አማረ። በማግስቱ የሲሊንደሩን መቆጣጠሪያ ጥቂት ዘጋ አድርጋ ሞከረችው። ደወሉ ጭጭ አለ።

የሆስፒታሉን ኮምፒውተሮች ወደሚጠብቀው ወደ ኢዮስያስ ሄደች። ኢዮስያስ ወንበር ሰጣትና በትዕግሥት አስረዳት። በትልቁ ኮምፒውተር ውስጥ መልኩን ለማንም የማያሳይ አንድ ፕሮግራም አለ። ከጀርባ ተቀምጦ የደም ማስቀመጫውን ፍሪጅ ሙቀት ይለካል፣ የጄኔሬተሩን ነዳጅ ያያል፣ አንዱ ነገር ሲበላሽም ይናገራል። እሱና ጓደኞቹ ዘበኛው ይሉታል። ደወሉን መጫን የሚችለው ይኸው ዘበኛ ነው። ዘበኛው ግን የሚሰማው ጆሮ በተሰጠው ነገር ብቻ ነው። ጆሮው ፕለጊን ይባላል። ለፍሪጁ አንድ ፕለጊን አለው፣ ለነዳጁም አንድ። ሲሊንደሩ ላይ ካለው የኦክስጅን መለኪያ የሚመጣውን ቁጥር የሚሰማው ፕለጊን ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ፤ ግን የከፈተው የለም።

እንግዲህ ደወሉ ዘበኛው ካልነካው አይጮህም፤ ዘበኛው ጆሮው ካልተከፈተ አይሰማም።

«ታዲያ ክፈተዋ» አለችው።

ጆሮው በእጅ የሚከፈት አልነበረም። ዘበኛው የሚተዳደርበት አንድ የመመሪያ ፋይል አለ፤ ፕለጊኑ የሚከፈተው እዚያ ውስጥ ሲጻፍ ነው። ሲስተር የሻረግ ወንበሯን ሳበች። ኢዮስያስ እየጻፈ፣ እሷ እየጠበቀች፣ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ አብረው ተቀመጡ። የኦክስጅኑን ፕለጊን ስም ጻፈ፤ ቁጥሩ ከስንት ሲወርድ ደወሉ እንደሚጮህም ጻፈ። ሲጨርስ ሲስተር ቆርቆሮ ቤቱ ገብታ መቆጣጠሪያውን ጥቂት ዘጋ አደረገችና ወደ ክፍሏ ተመልሳ ደወሉን ቀና ብላ አየችው። ደወሉ አሁንም ጭጭ አለ።

ለካ ዘበኛው መመሪያውን የሚያነበው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሲነሳ ነው። ከተነሳ በኋላ ፋይሉ ላይ ምን ቢጻፍ አያይም። አዲሱን እንዲያነብ ቆሞ እንደገና መነሳት አለበት።

እንግዲህ ደወሉ ዘበኛው ካልነካው አይጮህም፤ ዘበኛው ጆሮው ካልተከፈተ አይሰማም፤ ጆሮው በመመሪያው ካልተጻፈ አይከፈትም፤ መመሪያው ዘበኛው ቆሞ ካልተነሳ አይነበብም።

«አቁመህ አስነሳዋ» አለችው።

ኢዮስያስ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ። ያለ አስተዳዳሪው ፊርማ ዘበኛውን እንዳይነካ ተከልክሏል። ሲስተር የሻረግም አልተከራከረችውም፤ ወደ አስተዳዳሪው ወደ አቶ ሸዋንግዛው ቢሮ ወጣች።

አቶ ሸዋንግዛው ክፉ ሰው አልነበሩም። በጸጥታ ሰሟትና የከለከሉበትን ምክንያት ነገሯት። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ባለሙያ ፋይሉን ነካክቶ ዘበኛውን አቁሞት ነበር። ፋይሉ ውስጥ ስህተት ስለነበረ ዘበኛው ሳይነሳ ቀረ፤ አለመነሳቱንም ያወቀ ሰው አልነበረም። በዚያው መሐል የደም ፍሪጁ ሞቀ። የተቀመጠው ደም ሁሉ ተደፋ፤ በማግስቱ ለመውለድ የመጣች አንዲት ሴት ደም ሲፈስሳት የሚሰጣት አልተገኘም። ስሟን እስከ ዛሬ አልረሱትም፤ ለሲስተርም ነገሯት።

«እኔ ለደወል ብዬ ፍሪጁን ያለ ጠባቂ አላስቀርም» አሉ። «ዘበኛው መልሶ እንደሚነሳ የሚያረጋግጥልኝ ሰው አምጪና በዚያችው ደቂቃ እፈርማለሁ።»

እንግዲህ ደወሉ ዘበኛው ካልነካው አይጮህም፤ ዘበኛው ጆሮው ካልተከፈተ አይሰማም፤ ጆሮው በመመሪያው ካልተጻፈ አይከፈትም፤ መመሪያው ዘበኛው ቆሞ ካልተነሳ አይነበብም፤ ኢዮስያስ ካልተፈቀደለት አያስነሳም፤ አቶ ሸዋንግዛው ማረጋገጫ ካላገኙ አይፈቅዱም።

ሲስተር የሻረግ ደረጃውን ስትወርድ ስለዚያች ሴት እያሰበች ነበር። አቶ ሸዋንግዛውን መውቀስ አልቻለችም። ደወሉንም መተው አልቻለችም።

ማን ያረጋግጥ? ዘበኛውን ከስድስት ዓመት በፊት የተከሉት ጋሽ ፍሬስብሐት ናቸው። ዛሬ ጡረታ ወጥተው የሁለት ቀን መንገድ በሚያስኬድ ከተማ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ኢዮስያስ ስልካቸውን ሰጣት፤ ደወለችላቸው። ሽማግሌው በደስታ አነጋገሯት፤ ኮምፒውተሩ የቆመበትን ጥግ ሳይቀር አስታወሱ። ሆኖም ያላዩትን ፋይል ደህና ነው ብለው ቃል እንደማይሰጡ ነገሯት። ላኩልኝና ልየው አሉ።

መላክ ደግሞ አልተቻለም። በዚያ ሰሞን መንገድ ሲቆፈር የኢንተርኔቱ መስመር ተቆርጦ ከተማው በሙሉ በስልክ ድምፅ ብቻ ቀርቶ ነበር። ሲስተር የሻረግ በምሳ ሰዓቷ ጃንጥላ ይዛ እስከ ቁፋሮው ድረስ በእግሯ ሄደች። የቁፋሮው ኃላፊ የተቆረጠውን ገመድ አሳያትና፣ ጠጋኞቹ ከሌላ ከተማ እንደሚመጡ፣ ከሁለት ሳምንት በፊትም እንደማይደርሱ ነገራት።

እንግዲህ ደወሉ ዘበኛው ካልነካው አይጮህም፤ ዘበኛው ጆሮው ካልተከፈተ አይሰማም፤ ጆሮው በመመሪያው ካልተጻፈ አይከፈትም፤ መመሪያው ዘበኛው ቆሞ ካልተነሳ አይነበብም፤ ኢዮስያስ ካልተፈቀደለት አያስነሳም፤ አቶ ሸዋንግዛው ማረጋገጫ ካላገኙ አይፈቅዱም፤ ጋሽ ፍሬስብሐት ፋይሉን ካላዩ አያረጋግጡም፤ ፋይሉ መስመሩ ካልተጠገነ አይላክም፤ መስመሩም ሁለት ሳምንት ካልሞላ አይጠገንም።

ሁለት ሳምንት። ሲስተር ወደ ክፍሉ ስትገባ ዘምዘም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የልጇን ከንፈር ታያለች። ዓይኖቿ ቀልተው አብጠዋል። ሲስተር ከበሩ ዞራ ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ተመለሰች። ፋይሉ በወረቀት እንዲታተምላት ጠየቀች። አራት ገጽ ሆነ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ለጋሽ ፍሬስብሐት ማንበብ ጀመረች።

ቃል በቃል አይደለም፤ ፊደል በፊደል ነው። ቅንፍ ስትደርስ ቅንፍ ትላለች፣ ነጥብ ስትደርስ ነጥብ ትላለች። አንድ ሰዓት ከሩብ አነበበች። ኢዮስያስ መጀመሪያ ፈገግ ብሎ ነበር፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ፈገግታውን ተወና ውሃ አመጣላት። ሽማግሌው በወዲያ በኩል እየጻፉ አዳመጡ። ስትጨርስ የጻፉትን መልሰው አገላበጡ።

«እህቴ፣ ልፋትሽን ሰምቻለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ግን ጆሮ ቅንፍ አያይም። አንዷ ተዘልላ ቢሆን እኔ ከዚህ ሆኜ አላውቃትም። በሰው ነፍስ ላይ አልምልም።»

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ሲስተር የሻረግ አልተነሳችም። እሷ የማታውቀው መድኃኒት ሲመጣ አንድ ልማድ አላት። ሌላው ነርስ ሣጥኑን ከፍቶ ብልቃጡን ሲያወጣ፣ እሷ ከሥር የተጣጠፈውን ወረቀት ታወጣለች። ከላይ እስከ ታች፣ ደቃቁን ፊደል ሳይቀር ታነበዋለች። ስንት ጊዜ ከሌላው ሰው የተሰወረ ነገር እዚያ አግኝታለች። እናም ኢዮስያስን፣ ዘበኛውስ ከሣጥኑ ጋር የመጣ ወረቀት የለውም ወይ ብላ ጠየቀችው።

ኢዮስያስ ወረቀት የለውም ሊል ነበር። ከዚያ ግን አንድ ነገር ትዝ አለው። ፕሮግራሙን ሲጠሩት ከስሙ ቀጥሎ የምትጻፍ አንዲት ፊደል አለች፤ እሷ ስትጻፍ የሚቀበላቸውን ትእዛዞች ይዘረዝራል። እሱ ዘበኛውን ማስነሻና ማቆሚያ ብቻ በቃሉ ተምሮ ነው የሠራው፤ ዝርዝሩን አንብቦ አያውቅም። ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍቶ ያችን ፊደል ጻፈ። ዝርዝሩ ወረደ። ከአሥር መስመር ብዙም አይበልጥም።

«ከላይ ጀምርና ተርጉምልኝ» አለችው።

ተረጎመላት። ትልቋ ሲ መመሪያው የት እንዳለ ትነግረዋለች። ትልቋ ፒ የራሱን መለያ ቁጥር የሚያኖርበትን ቦታ ታሳየዋለች። ትንሿ ኤፍ ከጀርባ መደበቁን ትቶ ፊት ለፊት እንዲሠራ ታደርገዋለች። ቀጥሎ ትንሿ ቲ ላይ ደረሰና ድምፁ ዝቅ አለ።

«መመሪያውን ይፈትናል፣ ከዚያ ይወጣል» ብሎ አነበበ። ደግሞም አነበበው።

«ሳይቆም?» አለች ሲስተር።

ሳይቆም። የሚሠራው ዘበኛ ሥራውን ሳያቋርጥ፣ ከጎኑ ሌላ ተጠርቶ ፋይሉን አንብቦ ጉድለቱን ተናግሮ ይሄዳል። ከሥሯም ትልቋ ቲ ነበረች፤ እሷ ደግሞ ጆሮዎቹ አንድ ጊዜ ሰምተው እንዲያሳዩ ታደርጋለች። ሁለት ዓመት ሙሉ የሆስፒታሉ ፍርሃት መድኃኒት በዚያ ዝርዝር ውስጥ ተጽፎ ነበር። ኢዮስያስ አንገቱን ደፋ። ሲስተር ግን ለመውቀስ ጊዜ አልነበራትም፤ ፈትነው አለችው።

ፈተነው። ዘበኛው ወዲያው መለሰ፤ በሰማንያ ሰባተኛው መስመር የተከፈተ ቅንፍ አልተዘጋም። ሁለቱም ተያዩ። ያን ቀን አቶ ሸዋንግዛው በርኅራኄ ፈርመውላት ቢሆን ኖሮ ዘበኛው ቆሞ አይነሳም ነበር፤ ፍሪጁም ያለ ጠባቂ ይቀር ነበር። ኢዮስያስ ቅንፉን ዘጋና እንደገና ፈተነው። አሁን ምንም ነገር አልተጻፈም።

«ዝም አለ» አለች ደንግጣ፤ በእሷ ክፍል ዝምታ ደግ ነገር አይደለም።

«እሱ ዝም ካለ ደህና ነው ማለት ነው» አላት።

አቶ ሸዋንግዛውን ጠርታ አመጣቻቸው። ቆመው አዩ። አንድ ጊዜ አይተው ግን አላመኑም። ኢዮስያስን አስነስተው ራሳቸው ተቀመጡ፣ ከፋይሉ መሐል አንዲት ፊደል በጣታቸው አጠፉና ፈትነው አሉ። ፕሮግራሙ ያጠፏትን ፊደል መስመሯን ጠርቶ ነገራቸው። ሌላ ቦታ አጠፉ፤ ያንንም ነገራቸው። ሁሉም ወደ ቦታው ተመልሶ ሲፈተን ዝም አለ። በትልቋ ቲም ተፈተነ፤ የኦክስጅኑ ጆሮ በትክክል ሰማ። አቶ ሸዋንግዛው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እስክሪብቶ ጠየቁ።

ከፈረሙ በኋላ ግን ወደ ቢሯቸው አልሄዱም። ዘበኛው ቆሞ እስኪነሳ ድረስ ፍሪጁን ማን ያየዋል አሉ። ራሳቸው ወደ ደም ክፍሉ ወረዱ፣ የፍሪጁን ሙቀት መለኪያ በዓይናቸው ይዘው ቆሙ፣ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገውም አሁን አቁሙት አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ከምነግራችሁ ይፈጥናል።

አቶ ሸዋንግዛው ፈቀዱ፤ ኢዮስያስ ዘበኛውን አቆመ፤ ዘበኛው ወደቀ፤ ሲስተር እስከ ዘጠኝ ቆጠረች፤ ዘበኛው ተነሳ፤ መመሪያውን አነበበ፤ በመመሪያው የተጻፈው ጆሮ ተከፈተ፤ የፍሪጁ ቁጥር ተመልሶ መጣ፣ የነዳጁም መጣ፣ ከእነሱ ሥር እስከዚያ ዕለት ያልነበረ አዲስ ቁጥር ብቅ አለ፤ የኦክስጅኑ። የቀረው ደወሉ ብቻ ነበር።

ሲስተር የሻረግ ወደ ቆርቆሮው ቤት ሄዳ መቆጣጠሪያውን ጥቂት ዘጋ አደረገችው። ቁጥሩ ወረደ። ዘበኛው ሰማ። ደወሉም ጮኸ።

የጮኸውስ እንዴት ነው! የድሮ የግቢ ደወል አይደል፤ ሰፈሩን ለመጥራት የተሠራ ነው። ስድስቱም ሕፃናት በአንድ ጊዜ ነቅተው ማልቀስ ጀመሩ። ሲስተር መቆጣጠሪያውን ከፍታ ስትመለስ፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል እናቶቹ ሲስቁ ደረሰች። ኤሌክትሪሻኑ ተጠርቶ ደወሉን በጨርቅ ጠቀለለው፤ ድምፁ ልከኛ ሆነ። ማምሻውን ለጋሽ ፍሬስብሐት ደውላ ስለ ሰማንያ ሰባተኛው መስመር ስትነግራቸው፣ ሽማግሌው አለመማላቸውን እያመሰገኑ ሳቁ፤ ትንሿን ቲ እንዴት እንደረሷትም እየደጋገሙ ተቆጩ።

አሥራ አንድ ቀን አለፈ። አንድ ሐሙስ ጠዋት ሲስተር የሻረግ ለአንዲት አዲስ ለተወለደች ሕፃን መመገቢያ ቱቦ እያስገባች ነበር፤ እጇን ማንሳት አትችልም። ደወሉ ጮኸ። ማንም አልነካውም፤ የእውነቱን ነው። ሌላዋ ነርስ የያዘችውን አስቀምጣ በጓሮ በር ወጣች። ሲስተር ከእጇ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ ቱቦውን አስገባች፣ ለጠፈችው፣ ሕፃኗን አስተካክላ አስተኛች። ከዚያ ቀና ብላ አልጋዎቹን አንድ በአንድ አየች። ስድስት ከንፈር፣ ሰባተኛዋም አዲሷ፤ ሁሉም ቀይ ነበር። ነርሷ ተመልሳ ሲሊንደሩን መቀየሯን ነገረቻት። ዘምዘም ልጇን ደረቷ ላይ አስተኝታ በነርሷና በሲስተር መሐል ዓይኗን አመላለሰችና፦

«አሁን አልቆ ነበር ማለት ነው?» አለች።

«ሊያልቅ ነበር» አለች ሲስተር የሻረግ። «አላለቀም።»

እኔ የያዝኩትን አወረድኩላችሁ፤ እናንተ ተሸከሙት፤ ለእኔ ግን ውሃ አቀብሉኝ፣ ያን ሁሉ ሰንሰለት ስደጋግም ጉሮሮዬ ደርቋል።